የሞስኮው ካሴት

ስንጋባ እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ክር ክፍል ውስጥ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ እዚያው የሚሠራ፣ ሞስኮ ተምሮ የመጣ መሐንዲስ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። "የኔ ሚስት ሺፍት አትገባም" ብሎ ሥራዬን አስተወኝና ደሴ፣ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት አስቀመጠኝ። እሱ ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ፋብሪካው ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል።

አንድ የሚወደው ነገር ቢኖር ባሌት ነው፤ በእግር ጣት ቆሞ የሚደነሰውን የፈረንጅ ዳንስ ማለቴ ነው። ተማሪ እያለ ሞስኮ ካለው ትልቁ ቴአትር ቤት ብዙ ጊዜ ገብቷል። አገሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩት ፈረንጆች ለዕረፍት ሲሄዱ የቪዲዮ ካሴት እያስመጣ የሚላኑን፣ የፓሪሱን፣ የቪየናውን ቴአትር ቤት ሁሉ ሰበሰበ። በመስታወት ቁም ሣጥን ደርድሮ ይቆልፍባቸዋል። እሑድ እሑድ ጓደኞቹን ይጠራና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያስረዳል።

"ይኼ የሚላኑ ነው። ዙሪያውን በረንዳ በበረንዳ ላይ፣ ወንበሩ ሁሉ ቀይ ከፋይ። ይኼ ደግሞ የፓሪሱ፤ ጣሪያውን እዩልኝ!"

ከሞስኮው በቀር አንዱንም በዓይኑ አላየም። አወራሩ ግን ትናንት ከዚያ ወንበር ላይ የተነሣ ሰው አወራር ነበር። እኔ ምሳ አቅርቤ በሩ ላይ ቆም ስል ዘወር ይልና፣ "አንቺ ምን ይገባሻል? ሂጂ፣ ወጡ እንዳያርርብሽ" ይለኛል። እንግዶቹ ይስቃሉ።

የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አሮጌ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደሚደብቅ ደርሼበት ነበር። ሰርቪሱ ሲሄድ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ በእልህ ነበር፤ ምኑ ነው የማይገባኝ ብዬ። ከዚያ እልሁን ረሳሁት። በተለይ የሞስኮው ካሴት ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፤ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር በትናንሽ እርምጃ ስታቋርጠው እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ክር ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆሜ የዋልኩ ሴት ነኝና በእግር መቆም ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። እያየኋት አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ወንፊት ሊዋሱ መጡና ሳያስቡት ተቀመጡ። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው።

"ወላሂ ይቺ ልጅ አጥንት የላትም!" አሉ።

"አላት እማማ፤ ልምድ ነው።"

"ያ ረቢ! ይኼንን ነው እንግዲህ ሰውዬሽ ብቻውን የሚያየው?"

ከዚያ ወዲያ ወንፊት የሚያስፈልጋቸው በየቀኑ ሆነ።

አዲስ አበባ የውጭ አገር የባሌት ቡድን ሊመጣ ነው ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር፣ እስቲ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ብዬ ለመንኩት። "እናያለን" አለ። በዚያው ሳምንት ስብሰባ አለብኝ ብሎ ብቻውን ሄደ። እኔም አመንኩት።

ከተመለሰ በኋላ በነበረው እሑድ አንድ የማላውቀው እንግዳ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ገና በር ላይ ጨበጠኝና፣ "አዲስ አበባ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ከኋላችሁ ነበርኩ እኮ! ሰላም ልላችሁ ብል ሰዉ አላሳልፍ አለኝ። ፀጉርሽን በአጭሩ ተቆርጠሽ ነበር፣ እንዴት ቶሎ አደገ?" አለኝ።

ፀጉሬን ተቆርጬ አላውቅም። በአጭር የምትቆረጠው የባሌ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ምሳውን አቀረብኩ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ፣ እስኪሄዱም ጠበቅኩ።

"ይዘሃት ሄድክ?" አልኩት።

ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። "ምን ላድርግ፣ አንቺን ብወስድሽ ታንቀላፊያለሽ።"

ሴት መውሰዱን ምናልባት እችለው ነበር። ይቺን ግን አልቻልኳትም። የበቀል ሐሳብ ሆዴ ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ፍቺ ጠየቅኩ። ልጅ አልነበረንም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ የምንካፈለው ዕቃ ብቻ ነው። እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ "የፈለገችውን ትውሰድ፤ አልጋውንም ሶፋውንም" አለ።

"ካሴቶቹን ከነማጫወቻው፣ ከነቴሌቪዥኑ" አልኩ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። "እሱማ አይሆንም! እሷ ምን ታደርግበታለች?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "አንተ ልጅ፣ የፈለገችውን ብለሃል። አልጋ ሰጥተህ ላስቲክ ትከለክላታለህ?" አሉት። አፍሮ አቀረቀረ። ቁልፉን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቼ በሽማግሌዎቹ ፊት ቁም ሣጥኑን ስከፍት ያየኝ አስተያየት ለብዙ ዓመት ስንቅ ሆኖኛል።

ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካው አቅራቢያ አንድ ክፍል ተከራየሁና ቪዲዮ ቤት ከፈትኩ። አዘቦት ቀን የህንድ ፊልምና ድብድብ አሳያለሁ። እሑድ ከሰዓት ለሴቶች ብቻ ነው፤ የሚታየውም ባሌት ነው። የድሮ ጓደኞቼ ከክር ክፍል መጡ። መጀመሪያ ቀን ወንዱ ዳንሰኛ ብቅ ሲል፣ "ውይ! ሱሪውን ረስቶት ነው የወጣው?" ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። በሦስተኛው እሑድ ግን የሚተነፍስ ጠፋ። የእሱን ቃል ወስጄ፣ ይኼ የሚላኑ ነው፣ ይኼ የፓሪሱ ነው እያልኩ አስረዳኋቸው። ቆይተው ራሳቸው ማዘዝ ጀመሩ። "ዛሬ ያንን በረንዳ በበረንዳ የሆነውን ክፈቺልን" ይሉኛል።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ጸሐፊዋ ትታው አዲስ አበባ መግባቷን ሰምቻለሁ። ከስቷል።

"አንዴ ብቻ የሞስኮውን ልየው" አለ፤ ድምፁ ልስልስ ብሏል።

"እሑድ የሴቶች ነው።"

"እሺ፣ ሽጪልኝ። እለምንሻለሁ።"

"አስብበታለሁ" ብዬ ዘጋሁበትና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። በበሩ ስንጥቅ ሳየው ፀሐዩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ሙዚቃውን ይሰማል። ደስ አለኝ። አዎ፣ በጣም ደስ አለኝ። ግን አልበቃኝም።

በዚያ ሰሞን ከክር ክፍል ልጆች አንዷ ስታገባ ሠርጓ በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። የሞስኮውን ካሴት ለመጨረሻ ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አየሁትና ወደ ቀራጩ ይዤው ሄድኩ። "ሠርጉን በዚህ ላይ ገልብጥልኝ" አልኩት።

"እዚህ ላይ ያለው ይጠፋል እኮ።"

"ይጥፋ።"

በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን፣ ሌላ እንዳይቀዳበት የምትከለክለውን ቀዳዳ በፕላስተር ለጥፎ ገለበጠልኝ። ቀጭኗ ልጅ የነበረችበት ላይ አሁን ድንኳን ተተክሏል፤ መሐሉ ላይ እኔ በነጭ ቀሚስ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ፕላስተሩን አንሥቼ፣ በድሮው ማኅደሩ ከትቼ በሰው ላክሁለት። ዋጋ አልጠየቅኩም።

የሆነውን የነገሩኝ እማማ ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ ወርደው እኔ ዘንድ ጎራ አሉ።

"ካሴቱን ሲያገኝ አበደልሽ" አሉኝ። "አዲስ ቴሌቪዥን ከነማጫወቻው ገዛ፤ የደረሰለትም እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ነው። አለቆቹን ሁሉ ጠራ። ሞስኮን አሳያችኋለሁ ብሎ ለፈፈ። እኔንም ምግቡን አግዙኝ ብሎኝ እዚያው ነበርኩ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከፈተው። ክራር ሲጮህ የተሳሳተ መሰለው፤ ወደ ፊት አሳለፈው። አሁንም ሠርግ! ከዚያ አንቺ ብቅ አልሽ። አንደኛው አለቃ፣ 'ይቺ ሚስትህ አልነበረችም እንዴ? ሞስኮ ናት?' አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!"

"እሱስ?"

"እንግዶቹ ሳይወጡ ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ። እኔስ አሳዘነኝ፤ አንቺንም አላህ ይቅር ይበልሽ" አሉና እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

እኔን አላሳዘነኝም። ሴቶቹ የሞስኮውን ሲጠይቁኝ ተበላሽቷል አልኳቸው፤ እኔም ያችን ልጅ ደጋግሜ ናፍቄአለሁ። ቢሆንም ካሴቱ ዛሬ እጄ ላይ ቢገባ መልሼ አጠፋዋለሁ።

ቆይቶ ዲሽ በየቤቱ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱን ዘጋሁት። እሱም በሥራ ተዛውሮ ከወሎ ወጣ። አንድ ጊዜ እህቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ የውጭ አገር ቡድን ባሌት እንደሚያሳይ ሰማሁና ትኬት ቆርጬ ገባሁ፤ ከፊት። ጫማቸው የመድረኩን ጣውላ ሲመታ ኳ ኳ ይላል። ትንፋሻቸው ይሰማል፤ የግንባራቸው ላብ ሲረጭ በመብራቱ ይታያል። ይኼን ካሴት አያሳይም። እሱ ግን ሞስኮ ላይ ሰምቶታል። ስንት እሑድ ስለ ከፋይና ስለ ጣሪያ ሲያወራ፣ ስለዚህ ድምፅ አንድ ቃል እንኳ አልነገረኝም። እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እንደ አዲስ ተናደድኩበት።