ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

መጡ! እህቴ ከተቀበረች ወዲህ ተማሪዎቿ ለመጀመሪያ ጊዜ መጡ። መጋላ በሚባለው ሰፈራችን፣ የምታስተምርበት ግቢ በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ልቤ ሊዘል ደረሰ።

እህቴ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጎረቤታችን በሆኑ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ዛፍ ሥር ሰብስባ ታስተምር ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨረስኩ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም። ግን ዛሬ ካልያዝኳቸው ይበተናሉ። ከእሷ የቀረኝ ደግሞ... እንዴት ልበል... ይሄው ነው።

እኔ በተማርኩበት መንገድ ጀመርኩ። ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ አዘዝኩ። ሰሌዳውን በዘንግ እየነካሁ "ሀ በሉ!" አልኩ።

"ሀ" አሉ፣ ቀዝቀዝ ብለው። አንዱ ልጅ በሩን በሩን ያያል። አንዷ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ደነገጥኩ።

ያኔ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ልጅ ብድግ አለች።

"አቦ፣ አንተ! ምን ይዛችሁ መጣችሁ አላልከንም እኮ!"

እውነቷን ነው። እህቴ ከፊደል በፊት ይህን ትጠይቅ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በሆዱ ይዞት የመጣውን ስሜት፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም፣ በፈለገው ቋንቋ ይናገር ነበር። ጊዜ ማባከን ነው ስላት፣ "መጀመሪያ ልጁ ደህና ይሁን፤ ፊደሉ የትም አይሄድም" ትለኝ ነበር።

ዘንጉን ጣልኩት። "እሺ፣ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?"

ግቢው ተናወጠ!

"ንዴት! ወንድሜ ኳሴን ቀማኝ!"

"እኔ ደስታ! ፍየላችን ወለደች!"

"ውሸታም! የእናንተ ፍየል ወንድ ነው!"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

"እኔ ረሃብ" አለ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የግቢው እናት ከውስጥ ሰምተው ኖሯል። "ወላሂ፣ እኔ ቤት ሆኖ ይራባል?" እያሉ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው ወጡ።

ባለሻሿ ልጅ እየበላች አፈጠጠችብኝ። "አንተስ? ምን ይዘህ መጣህ?"

"እኔ... እህቴን። ናፍቃኛለች።"

"እኛም!" አሉ ሁሉም በአንድ ላይ። ማንም አላለቀሰም። እንዲያውም ተጠግተውኝ ተቀመጡ።

በሩን ሲያይ የነበረው ልጅ ተነሳ። ሊሄድ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን ዘንጉን ከመሬት አንስቶ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።

"አሁን ደህና ነህ" አለኝ። "በል፣ ሀ በል!"

"ሀ!" አልኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።