ከዳዊት ጋር የሠራነው መቆጣጠሪያ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት በያይነቱ አዝዤ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ፕላኔቶቹን ሁሉ አልፋ ስለሄደች መንኮራኩር ያወራ ነበር። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችና፣ «እና ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ባትሪዋ አያልቅም እንዴ?» አለችኝ። ባትሪ ሳይሆን ከፕሉቶኒየም የሚወጣ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ እየተለወጠ እንደሆነ ነገርኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ኖርዝ ሆሊውድ አካባቢ በነበረ ትንሽ ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ለመንኮራኩር የሚሆን አዲስ የኃይል ማመንጫ እንሞክር ነበር። ሙቀቱ ፒስተን ያመላልሳል፤ ፒስተኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፕሉቶኒየም ግን እንደ ምድጃ አይጠፋም። ኤሌክትሪኩን የሚቀበል ነገር ለቅጽበት ከታጣ ፒስተኑ ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ሆኖ ራሱን ይሰብራል። ያን የሚከላከለው መቆጣጠሪያው ነው። ለሙከራ በፕሉቶኒየሙ ፋንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንጠቀም ነበር።

ዋናውን መቆጣጠሪያ እኔ፣ ዋናው ሲበላሽ የሚተካውን ዳዊት እንድንሠራ ታዘዝን። አሜሪካዊው አለቃችን ደስ ብሎት፣ «እናንተማ በቋንቋችሁ ትግባባላችሁ» አለን። ምን ያውቃል! ዳዊት አገር ቤት የሰፈራችን ልጅ ነበር። በአብዮቱ ጊዜ እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ በአንድ ድርጅት፣ እሱ ደግሞ ከኛ ጋር በሚገዳደለው ነበር። እኔ ሌላ ሰፈር ተደብቄ ሳለሁ የሱ ድርጅት ሰዎች ግርማን ወስደው ገደሉት። ያኔ ፌርፋክስ ላይ የኛ ምግብ ቤቶች ገና ጥቂት ነበሩ፤ ዳዊት ካለበት እኔ አልገባም። ላብራቶሪ ውስጥም የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለሥራ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ የኔን መቆጣጠሪያ ሆን ብለን አጠፋነው። የዳዊት አልተረከበም። የኔ መቆሙን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅማ። ፒስተኑ እንደ መዶሻ ሲደበድብ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። አለቃችን ፊቱ ገርጥቶ፣ «ይህ ከተደገመ ሥራው ይዘጋል፤ ሁላችንም እንበተናለን» አለ።

ፍልሰታ ነበር። በማግስቱ ፌርፋክስ ሽሮ ስበላ ዳዊት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ልቀመጥ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ተቀመጠ።

«ከማሽኑ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ግርማን ሲወስዱት አይቻለሁ። አብሬያቸው አልነበርኩም፤ ግን በመስኮት አይቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።»

ልመታው አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ቡኒ ሹራብ።»

«ይለምናቸው ነበር?»

«የለም። ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው።»

እናቴ ይህን የሚነግራት ሰው ሳታገኝ ነው የሞተችው። ተነስቼ ወጣሁና በዚያ ሐሩር ኦሎምፒክ የሚባለውን መንገድ ይዤ ብዙ ሄድኩ። ስመለስ ዳዊት እዚያው ተቀምጧል፤ ያዘዘው ምግብ አልተነካም።

«የኔ መቆጣጠሪያ ሳያቋርጥ ምልክት ይላክልህ» አልኩት በአማርኛ። «ምልክቱ እንደቆመ ሳትጠብቅ ተረከብ።»

«ካልሠራስ?»

«አብረን እንፈትሸዋለን።»

ፈተሽነው። በሁለተኛው ሙከራ የኔ ሲጠፋ የሱ ተረከበ፤ ፒስተኑ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። አለቃችን እየዘለለ ሁለታችንንም አቀፈን። እኛ ግን አልተቃቀፍንም።

ማሽኑ ሕዋ አልወጣም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ተቋረጠ። ዳዊት ዛሬ እዚሁ ከተማ ፓልምስ የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ጉልበቱን ያመዋል። ይቅር ብዬው እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቢጠይቀኝም ምን እንደምለው አላውቅም። አንዳንድ ነገር በቃል የሚያልቅ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ግን እሱ ነው፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ለምኜው።