እኔና እህቴ የተጋራነው ሳይነስ

በእኛ ቤት አፍንጫው ያስቸገረው ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለበት» ይባላል። አባታችን ሳይነስ ነበረበት። እኔም አለብኝ፤ ታላቅ እህቴም አለባት። መጀመሪያ እንዲህ ያለን ማን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪም አይቶን ሳይሆን እንደ አባት ስም ወርሰነው ኖርን። መድኃኒታችንም አንድ ነበር፤ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የአፍንጫ ጠብታ። እኔ ሁለት ጠብ አድርጌ ለእሷ አቀብላታለሁ፤ እሷም አድርጋ ትመልስልኛለች። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

እህቴ አብነት ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት አላት። ሰው ያረጀ ፍራሹንና ትራሱን ያመጣላታል፤ እሷ ተርትራ ጥጡን ታወጣለች፣ በእጇ ታፍታታለች፣ አዲስ ጨርቅ አልብሳ መልሳ ትሰፋዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን አስተምራ ለወግ ያበቃችው በዚያችው የስፌት መኪና ነው። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ስወጣ በእሷ በኩል ሳላልፍ ቤቴ አልገባም።

ስገባ የመጀመሪያው ቃሌ ግን ሰላምታ አልነበረም። «እትዬ፣ ኧረ ይኼን መስኮት ዝጊው!» ነበር። ብርድ ጠላቴ ነው። ከታክሲ ወርጄ ነፋስ ፊቴን ነካ ሲያደርገኝ አፍንጫዬ መፍሰስ ይጀምራል። ታክሲ ውስጥም ቢሆን መስኮት በማዘጋት የታወቅሁ ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ መስኮት አዘግቼ ሙሉ ታክሲ ሰው በላብ ያጠመቅሁበት ቀን አለ። አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመኝም። ብርድ የማይፈራ አበሻ የት ይገኛል? እህቴም «እውነትህን ነው፣ ነፋስ ይመታናል» ብላ ትዘጋዋለች። እየቆየ ሲሄድ የእኔን መምጣት መጠበቅም ትታ ከጧት ጀምራ ዘግታው መዋል ያዘች።

ከዚያ የእሷ ማነጠስ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ስምንት። በእያንዳንዱ «ይማርሽ» ማለት ስለሚሰለቸኝ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅልዬ እላለሁ። «ያኑርህ፣ አንተ ሰነፍ» ትለኛለች ዓይኗን እያሻሸች። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ሳል ተጨመረ። ቆይቶ ደግሞ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ስጠይቃት «እርጅና ነው» ትለኛለች። ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

አንድ የልደታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የባቡር ጣቢያውን ደረጃ ስንወጣ መሀል ላይ ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሰው እየተሻገረን ያልፋል። አጠገቧ ተቀምጬ ብጠይቃት ቃል ማውጣት አቃታት። ትንፋሿ መለስ ሲልላት «የስፌት መኪናዋን ልሸጣት ነው» አለችኝ። «ገዢም አግኝቻለሁ። አልቻልኩም፣ ወንድሜ።»

እህቴ ባሏን ስትቀብር እንኳ አልቻልኩም አላለችም። በጣም ደነገጥኩ። ከመኪናዋ ተለይታ ቤት ስትውል ታየኝና፣ ያለ ሥራ ከተቀመጠች ዓመት የምትቆይ አልመሰለኝም።

«ለሰውዬው በወሩ ና በይው» አልኳት። «እስከዚያ ሐኪም ይይሽ።»

«አስም ነው ቢሉኝስ?»

እሷ ይህን ቃል የምትናገረው ዝቅ አድርጋ ነው፤ የሰው ሐሜት ይመስል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳት።

«ተረትህን ለራስህ። የምሄደው አንተም ከታየህ ነው። ያለብን አንድ ሳይነስ አይደል?»

ዶክተሯ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ጊዜ ላስቆጥብላት ብዬ ገና ሳንቀመጥ «ሁለታችንም ሳይነስ ነን» አልኳት። ፈገግ አለች። «እሱን ስም ለጊዜው እንተወውና እኔ ልጠይቃችሁ» ብላ ጀመረች። ያሳክካችኋል? ዓይናችሁ ያነባል? የሚብስባችሁ የት ስትሆኑ ነው? ከሥራ ርቃችሁ ስትሰነብቱ ይሻላችኋል? ብርድስ? ሽታስ? ስትተነፍሱ ደረታችሁ ያፏጫል?

የገረመኝ አንዱ መልሳችን እንኳ አለመገጣጠሙ ነው። እህቴን ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ ላንቃዋን ሳይቀር ያሳክካታል፤ እኔ ማሳከክ የሚባል ነገር አላውቅም። እሷ ጥጥ ስታፍታታ ይነሳባታል፤ ለፋሲካ ሱቋን ዘግታ ልጇ ዘንድ ስትሰነብት ደህና ትሆናለች። እኔ የመዝገብ አቧራ ውስጥ ስርመሰመስ ውዬ አንድም አላነጥስም፤ ብርድ፣ ሽቶና ሚጥሚጣ ግን መሀረብ ያስጨርሱኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ብልቃጥ ስንቀባበል ይህን አንድ ቀን እንኳ ተጠያይቀን አናውቅም ነበር።

የማይስማማንን ነገር ለመለየት ክንዳችን ላይ ጠብታ እያደረጉ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉን። የቤት አቧራ በተባለው ጠብታ ላይ የእህቴ ክንድ አበጠ፤ የእኔ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ቱቦ ውስጥ ንፉ ተባልን። እህቴ ነፋች፤ በአፏ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጥቷት ትንሽ ቆይታ ደግማ ስትነፋ የሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ተሽሎ ተገኘ። ዶክተሯ ከእኔው ይልቅ የእሷን ውጤት ደጋግማ አየችው።

«እናቴ፣ የእርስዎ አፍንጫ አለርጂ ነው» አለቻት። «አሮጌ ፍራሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተባዮች አሉ፤ ፍራሹ ሲፈታ ከአቧራው ጋር አፍንጫዎ ይገባሉ። ደረትዎ ላይ ደግሞ አስም አለ። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸውና ሁለቱንም አብረን ነው የምናክመው።» ወደ እኔ ዞረች። «የእርስዎ አለርጂ የለበትም። አለርጂ የሌለበትም ሰው አስም ሊኖረው ስለሚችል ነው ያስነፋሁዎት፤ ደረትዎ ደህና ነው። አፍንጫዎ ብቻ ለብርድና ለሽታ ቁጡ ነው።»

«አፍንጫው ብቻ መሰለሽ ልጄ?» አለቻት እህቴ።

ሳቅን። ዶክተሯ ጠብታውን ሁለታችንም እንድንተወው፣ ሲዘወተር እሱ ራሱ አፍንጫ እንደሚዘጋ ነገረችን። ከዚያ እህቴን «የሚሠሩበት ቤት አየር ይገባዋል?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። ልታሳጣኝ አልፈለገችም።

«መስኮት አለው» አልኩ እኔ።

«ክፍት ነው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የማዘጋው።»

ይህን ስል የገዛ ድምፄን ጠላሁት። ያን ሁሉ ዓመት ለራሴ አፍንጫ ብዬ እህቴን ከአቧራው ጋር ስዘጋባት ኖሬያለሁ። ያውም ወንድማዊ ምክር የለገስኩ እየመሰለኝ! ስንወጣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። እንባዬ መጥቶ ነበር። «እኔስ እጅ የለኝም እንዴ?» አለችኝ። «ብርዱን ፈርቼ ነው የዘጋሁት። ይልቅ ተራመድ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

እንደ ሞኝ ከሕክምናው ታምር ጠበቅን። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረም። «ያው ነኝ፤ ይኼስ ከጠብታው በምን ተሻለ?» እያለች ዶክተሯ ያዘዘችላትን የአፍንጫ መርጫ ልትጥለው ደረሰች። ሲብስ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ መሆን እንዳለበት ለማሳመን እየደወልኩ ጨቀጨቅኳት። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከበሩ ጀርባ ተደብቃ ነበር የምትወስደው፤ ደንበኛ እንዳያያት። እየዋለ እያደረ መደበቁን ተወችው። ጥጡንም ማስክ አድርጋ ግቢ ውስጥ ታፍታታ ጀመር፤ የስፌት ቤቱን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። መስኮቱም በሩም ክፍት ሆነው ይውላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ስለ ጎረቤቷ ሠርግ ከሙሽራዋ ቀሚስ እስከ ድግሱ ድረስ ስታወራኝ አንድም ጊዜ አልሳለችም። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ዓይን እንዳይገባባት ፈራሁ። ሳሉ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመለስባታል፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠችም።

ገዢው በቀጠሮው መጣ። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ መርገጫዋንም ጎንበስ ብሎ ነካካው። እህቴ መስፋቷን አላቆመችም።

«ወንድሜ፣ አደከምኩህ» አለችው ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ። «መኪናዋ አትሸጥም።»

«በስልክ ተስማምተን አልነበር እንዴ?»

«ያን ጊዜ መተንፈስ አልችልም ነበር።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ወጣ። በተከፈተው በር ነፋሱ ገባና አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ወደ ቤትህ ሂድ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። መሀረቤን አውጥቼ አፍንጫዬን ጠረግሁና እዚያው ቁጭ አልኩ።