ጮቄ ላይ ብቻ የሚታመመው ፍሬን

ሰሞኑን ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቁልቁለት ስወርድ የጋለ ፍሬን ሽታ በመስኮቴ ገብቶ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የልጅነት ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሌላው ሰው ይህ ሽታ ሲሸተው ይደነግጣል፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ፣ የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ጮቄ ተራራ ላይ እስካለችው ሮብ ገበያ ከተማ የሚመላለስ አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ነበረው። ማታ እዚያው ሮብ ገበያ ያድርና ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ተሳፋሪ ጭኖ ይወርድ ነበር። ሥራ በሌለበት ቀን ግቢያችን ውስጥ ክሪክ ሰክቶ ጎማ ሲያወልቅ፣ እናቴ ነጠላዋን አገልድማ የሾፌሩ ወንበር ላይ ትቀመጥና እሱ ከታች «ርገጪ!» ሲላት ፍሬኑን ትረግጥ፣ «ልቀቂ!» ሲላት ትለቅ ነበር። እናቴ በሌላ ነገር ሁሉ ስትታዘዝለት አይቻት አላውቅም።

አንድ ክረምት ታዲያ ያ ሚኒባስ ግራ የሚያጋባ አመል አመጣ። ማለዳ ከጮቄ በኩል ሲወርድ አባቴ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ይስበው ጀመር። ከተማ ገብቶ ሲሞከር ግን ጨዋ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚስበው ወደ ቀኝ ስለሆነ ጥፋቱም የቀኙ ጎማ ነው ብሎ፣ አባቴ ክረምቱን ሙሉ እሱኑ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ።

መስከረም ሲጠባ ነገሩ የምር ሆነ። የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ የሺ ከሮብ ገበያ ወዲያ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ወሯ ሲገባ እኛ ቤት ወርዳ ሐኪም ቤት አጠገብ እንድትጠብቅ ተወስኖ፣ የሚያወርዳትም አባቴ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችው። «ይህ ፍሬን ሳይስተካከል እህቴ አትሳፈርም። በቃሬዛ ትመጣለች እንጂ አትሳፈርበትም!»

ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ አባቴ እኔን ይዞ ወደ ሮብ ገበያ ወጣ፣ አድረንም በማግስቱ ያለ ተሳፋሪ፣ በዝግታ ወረድን። መሪውን ወደ ግራ እየታገለ ቁልቁለቱን ከጨረሰ በኋላ ሜዳው ላይ አቁሞ ወረደና መዳፉን ወደ ቀኙ ጎማ ብረት አስጠግቶ «እፍ!» እያለ ጣቶቹን አራገፈ፣ ከዚያ ዞሮ የግራውን ዳሰሰና እጁን እዚያው ተወው።

«ነይ እስቲ ንኪው» አለኝ።

ነካሁት። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ለብ ከማለት አላለፈም።

«የታመመውስ ይሄ ነው ልጄ! ያኛው ምስኪን የሁለቱን ሥራ ለብቻው እየሠራ ነው የሚስበን።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ክረምት ሙሉ የተደበቀን ነገር በመዳፉ ዳስሶ ሲያገኘው፣ አባቴ በዚያች ሰዓት ከሰው ሁሉ በለጠብኝ።

ቤት ደርሰን የግራው ጎማ ሲወልቅ ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ወጡ፤ የውስጠኛው እንደ ጥፍር ሳስቷል፣ የውጭው ግን አዲስ እንደሆነ ነው። አባቴ መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለእናቴ አሳያት። ፍሬን ሲረገጥ መጀመሪያ የውስጠኛው ሸራ ይገፋል፣ ከዚያ ሁለቱን ያቀፈው ብረት በሁለት ዘንጎች ላይ ተንሸራቶ የውጭውንም ያመጣዋል፤ ዘንጎቹ ከተያዙ ግን የውስጠኛው ብቻውን ይበላል። ይህን እያስረዳት አንዱን ዘንግ በስንት ትግል ነቅሎ ሲያወጣው፣ አንዳች ነጣ ያለ ነገር ተለጥፎበታል። እናቴ ተቀብላ አሸተተችው።

«ሞራ ነው እኮ!»

አባቴ ዘንጉን ከእጇ ወሰደው። የአራሽ ልጅ ነው፣ የቀንበር ጠፍር በሞራ ሲለሰልስ እያየ ያደገ። ክረምት መግቢያ ላይ ሮብ ገበያ የመኪና ቅባቱን፣ ግራሶ ቢያጣ ጊዜ፣ ደረቅ ጠፍር ያለሰለሰ ነገር ብረትማ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ከአንድ ገበሬ ሞራ ተቀብሎ የግራውን ዘንጎች ቀብቶ ኖሯል። ከተማ ሲሞቀው የሚላላው ሞራ የጮቄ ብርድ ሲያድርበት ከአቧራው ጋር ረግቶ ዘንጉን ጥርቅም አድርጎ ይይዘው ነበር።

«እኔ ነኝ» አላት ቀስ ብሎ። «በገዛ እጄ ነው የቀባሁት። ያን ሁሉ ሰው በዚህ ሳወርድ ከርሜያለሁ።»

አሁን ጉድ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣ እናቴ ትክ ብላ አየችውና ገብታ ነጭ ጋዝና አሮጌ ጨርቅ ይዛ መጣች። «በል እንግዲህ አጽዳው» አለችው፣ አጠገቡም ቁጢጥ አለች። አጥበው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ለፍሬን የሚሆነውን ግራሶ ቀብተው፣ በግራም በቀኝም አዲስ ሸራ ገጠሙ። ያ አልነቃነቅ ያለ ብረት በአንድ ጣቴ ስገፋው እንደ መሳቢያ ሸርተት ሲል፣ ደጋግሜ ገፋሁት፣ እነሱም አልከለከሉኝም።

እናቴም አብራን ወጥታ አክስቴን ያመጣናት አደይ ሜዳውን በሞላበት ሰሞን ነበር። ማለዳ፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው ቁልቁለት። እኔ የአባቴን እጆች ብቻ አይ ነበር፤ መሪውን ላላ አድርገው እንደያዙ ነበሩ፣ መኪናውም በየጠመዝማዛው ፍሬን ሲያዝ ወደየትም ሳያዘነብል ቀጥ ይላል። ደስታዬ እንባ እንባ አሰኘኝ። አክስቴ የሺ እናቴ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ከተማ ስንገባ «ደረስን እንዴ?» አለች። በሳምንቱ ሴት ልጅ ወለደች።

ዛሬ እኔም መኪና አለኝ፣ ያ መንገድም እንደ ድሮው አይደለም። ፍሬኔ ሲንጫጫ ጋራዥ አስገባና ወንበር ላይ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃለሁ፣ ልጄም አጠገቤ ሌላ ስልክ ይነካካል። «ተስተካክሏል» ይሉናል፣ ከፍለን እንሄዳለን፤ ምን እንደ ነበር፣ ከማን እጅ እንደ መጣ አንጠይቅም፣ የሚነግረንም የለም። አባቴ ግን ጥፋቱን ለእናቴ በራሱ አንደበት ነገራት፣ እሷም ከዚያ በኋላ እህቷን አቅፋ እዚያው መኪና ውስጥ ገባች።