የእትዬ ሥርጉት ተልባ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ እትዬ ሥርጉትን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የገባ ተከራይ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ቀሚስ ሁሉ የጠለፉት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶባቸው መርፌያቸውን በዳበሳ ነው የሚፈልጉት። ሐኪሙ ሞራውን ሊገፍፍላቸው ዝግጁ ነበር፤ ያስቸገረው ደም ግፊታቸው ነው። ሁለት ጊዜ ለቀዶ ጥገናው ተቀጥረው ሄደው፣ ሁለቱንም ጊዜ «መጀመሪያ ግፊትዎ ይውረድ» ተብለው ተመለሱ። መርፌ ያልያዙበት ቀን ደግሞ ለእሳቸው ከዕድሜ አይቆጠርም።

እጅ መስጠት የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ኪኒናቸውን ሳያጓድሉ ይውጣሉ። በየማለዳው የጎረቤታቸውን የጠይባን ክንድ ይዘው የእንጦጦን ዳገት እስከ ባሕር ዛፉ ይወጣሉ። ሲመለሱ ተልባ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ፣ ለየራሳቸው አንድ አንድ ብርጭቆ። ተልባ ለደም ሥር ይበጃል ሲባል በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ የሚያስቆማቸው አልተገኘም። ባለ ሱቋ ጠይባም ግፊት አለባት፤ የጎረቤት እጅ መግፋት ደግሞ አልለመደባትም። ዓይኗን ጨፍና ትጠጣለች።

ሦስተኛው ቀጠሮ አንድ ወር ሲቀረው ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ተለኩ። ነርሱ ኤቢሳ ቁጥሩን ማመን አቅቶት ደግሞ ለካ። የእትዬ ሥርጉት መቶ ሰማንያ። ከሁለት ወር በፊት ደህና የነበረው የጠይባ መቶ ስድሳ አምስት።

«እማማ፣ ጨው ይቀንሱ ብዬዎት አልነበረም?»

«ወጤ ውስጥ ጨው ከገባ ፈጣሪ ይፍረድብኝ! ልጄ እንኳ እኔ ቤት መብላት ትታለች።»

ኤቢሳ ነገርን ከሥሩ የሚል ሰው ነውና ወደ ጠይባ ዞረ። «እርስዎስ በቅርቡ የጀመሩት አዲስ ነገር አለ?»

ጠይባ ወለል ወለሉን አየች። «ተልባ፣ ከእትዬ ጋር» አለች በመጨረሻ። «ግሩም ተልባ ነው። ትንሽ ጨው ይበዛዋል እንጂ።»

«ታዲያ ተልባ ያለ ጨው ይጠጣል?» ብለው እትዬ ሥርጉት ተቆጡ። «ለየብርጭቆው አንዳንድ ማንኪያ ነው የማደርገው። ወጥ ውስጥ እንጂ ተልባ ውስጥ ማን ከለከለኝ?»

ኤቢሳ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም። «ተልባውስ መልካም ነው፤ ለደም ሥር የሚበጅ ቅባት አለው። እርስዎ ግን በአንድ እጅዎ የጠገኑትን በሌላው ያፈርሱታል። ያለ ጨው ይጠጡት፤ ኪኒኑንም እንዳይተዉ።»

እትዬ ሥርጉት ለራሳቸው ሳይሆን ለጠይባ ደነገጡ። አድናለሁ ብለው ሊገድሏት ነበር። መንገዱን ሁሉ እሳቸው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ጠይባ ስትስቅ ሰፈር ደረሱ።

ወሩን ሙሉ ሎሚ ጠብ እያደረጉ ያንን ጣዕም የለሽ ተልባ ታገሉት። በቀጠሯቸው ዕለት መቶ ሠላሳ አምስት! ሞራው ተገፈፈ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ጠይባ ፊታቸው ቆማ ነበር። የእትዬ ሥርጉት ዓይን ግን ቀጥ ብሎ የሄደው ቀሚሷ ላይ ወዳለው ጥልፍ ነው። የአበባው ግንድ ተጣሟል፤ አንዱ ቅጠል ብብቷ ሥር ገብቷል።

«ይህን የጠለፍኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፤ ለዒድ።»

«ይህን ለብሰሽ ሰው ፊት ወጣሽ?»

«ሁለቱንም ዒድ።»

እትዬ ሥርጉት ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ እንባቸው መጣ። «አምጪው ልፍታውና እንደገና ልጥለፈው» አሏት።

ጠይባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። «አልሰጥም!»