«ላርስ ነው የምሄደው»

የጉዞ ማስታወሻ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ስወጣ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ቦርሳዬን አንጠልጥዬ አንዱን አገር ዞሬ እመለሳለሁ፣ ያየሁትንም እጽፋለሁ። ይሄኛው ጉዞ ግን ከሰፈራችን ብዙም አልራቀ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተነሥተን ቀበና ወረድን፣ አንድ የመስታወት መስኮት ፊት ቆምን፣ ተመለስን። እንደዚህ አድክሞኝ የገባሁበት መንገድ የለም፤ እንደዚህ ተናድጄም ጽፌ አላውቅም። አንባቢ ቁጣዬን ይቅር ይበለኝ ብዬ ግን አልለምንም።

የጉዞው ምክንያት ታላቅ እህቴ እትዬ ወይንሸት ናት። አንድያ ልጇ ሜሮን ባሕር ማዶ አግብታ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷታል። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፣ ወገን የሚባል ሰው አጠገቧ የለም። እትዬ ሄዳ ልጇን ልታርስ ነው እንግዲህ፤ ገንፎ ልታበላት፣ ወገቧን ልታሽላት፣ ሕፃኑን ይዛ እሷን ልታስተኛት። ለዚህ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋል ተባለ። ማመልከቻውን የጀመርነው የሜሮን ሆድ ሳይገፋ ነበር፣ ለቃለ መጠይቅ የተቀጠርነው ግን ምጥ ሊመጣ ሲል ነው። ኤምባሲው የየትኛው አገር እንደሆነ አልጽፍም። ነገም ደጅ መጥናታችን ስለማይቀር ነው እንጂ አክብሬው አይደለም።

ቁልቁል

ማለዳ ስንነሣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ አልተነሣም ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ እትዬ የአዘቦት ጫማዋን አድርጋ፣ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዛ ወረደች። ሦስት የወተት ላሞች አሏት፤ ለየካና ለፈረንሳይ ሰፈር አዳዲስ ነዋሪዎች፣ ለባንክ ሠራተኞችና ለአስተማሪዎች ወተት ታቀርባለች። ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ ነው የወጣችው።

እኔ የወረቀቱን ቦርሳ ተሸክሜያለሁ። የቤት ካርታ፣ የባንክ መግለጫ፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ የወተት ንግድ ፈቃዷ፣ የሜሮን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሜሮን ግብዣ፣ ሜሮን ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ። ይሄ ሁሉ የተሰበሰበው ሄዳ እንደማትቀር ለማስረዳት ነው። ቤቷ እዚህ፣ ላሞቿ እዚህ፣ ዕድሯና ማኅበሯ እዚህ፣ የባሏ መቃብር እዚህ። ሰው አገሩን እንደሚወድ በማኅተም ሲያስመሰክር ከመዋል የበለጠ የሚያሳፍር ነገር አላየሁም። እትዬ ግን ነገሩን እንደ ምርቃት ቀን ይዛዋለች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ አጥሚት እህል ታወራኛለች፤ አጃውንና ገብሱን አስፈጭታ ጨርሳለች፣ የቀረው ኑግ ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ላይ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊያስገባ ሲል እትዬ «ልጄ፣ እኛም እንደ ኩንታል አንደረደርም» አለችው፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ አራተኛው ሰው ግን ገባ።

ቀበና

ቀበና የወረድነው ለፎቶ ነው። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፎቶ አይቀበሉም ተብሏል፣ የእሷ ደግሞ አልፎበታል። ማመልከቻውን ስናስገባ እኮ አዲስ ነበር። ራሳቸው አቆይተው ያስረጁትን ፎቶ በእኛ ገንዘብ አድሱ ይላሉ። ሦስት መቶ ብር ከፈልን። ፎቶ አንሺው ነጠላዋን እንድታወርድ፣ ሻሿንም እንድትፈታ፣ ጆሮዋ እንዲታይ ጠየቃት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ሻሿን ፈትታ አታውቅም። ፈታች፣ ፎቶውን ተነሣች፣ መልሳ አሰረች። «ጆሮዬ ምን ሊያደርግላቸው ነው?» አለችኝ ስንወጣ።

አንድ ቁርስ ቤት ገብተን ሻይ በፓስቲ ቀመስን። እሷ ግማሹን ትታ ጫማዋን ቀየረች፣ ጭቃውን በወረቀት ጠርጋ ፌስታሉ ውስጥ አኖረች። ከዚያ ወደ ኤምባሲው በእግር ሄድን።

ሰልፉ

ከግንቡ ውጭ፣ ጥላ በሌለበት፣ ሰው ተሰልፏል። የቪዛ ሰልፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉም ጠያቂ ነው፣ ሁሉም አስተማሪ ነው፣ አብዛኛው የሚያስተምረው ደግሞ ስሕተት ነው። ከፊታችን የነበረ ሙሉ ልብስ የለበሰ ነጋዴ «የስድስት ወር ቪዛ ከመቱልኝ ስድስት ወር ልቀመጥ አይደል?» ይላል። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደምትችል ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትቀመጥ የሚነግርህ ድንበር ላይ የሚቆመው ሰው ነው አልኩት። ደስ አላለውም። ለእህቷ ምርቃት የምትሄድ አንዲት ወጣት ግብዣ ካለ ይበቃል ብላ ምንም የባንክ ወረቀት ሳትይዝ መጥታለች፤ ተጋባዧ አንቺ፣ የምትመረመሪውም አንቺ ነሽ ብዬ ነገርኳት፣ ፊቷ ተለወጠ። ቢከለክሉን ገንዘቡ ይመለሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሰልፉ በአንድ ድምፅ አይመለስም አለ። በዚህ እንኳ ማንም አልተሳሳተም።

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያ ከተገባ በኋላ ትንሽ ቢሠሩስ ብሎ ጠየቀኝ። በጎብኚ ቪዛ ሥራ ክልክል ነው፣ ቃሉንም አታንሣው አልኩት። እትዬ ሰማችን፤ እሷ ልጇ ዘንድ እንደምትሄድ፣ ሥራ ምኗም እንዳልሆነ ተናገረች። ነጋዴው ታዲያ በተራው መካሪ ሆነ። «እማማ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አጭር ይመልሱ» አላት። «ቃል ሲበዛ ይጠራጠራሉ።» ሰልፉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ምክሩን እንደ ጸሎት ያዘችው።

መስኮቱ

ዓይኗ ስለሚደክማት እንድከተላት ፈቀዱልኝ፤ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መናገር ግን አልተፈቀደልኝም። ከመስታወቱ ወዲያ ቆንስሉ፣ አጠገቡ አንድ ወጣት አስተርጓሚ፣ ጸጉሩን በደንብ የተስተካከለ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚፈስስ። ድምፁ በማይክራፎን ስለሚመጣ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

ወጣቱ ለምን እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ልጄ ዘንድ ላርስ ነው የምሄደው» አለች።

አጭር መልስ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛም የለም። ወጣቱ ለቆንስሉ ያለውን ስሰማ ግን ጆሮዬን አላመንኩም፤ ልጇ ዘንድ ሄዳ እርሻ ልትሠራ ነው አለው። ቆንስሉ ፊቱ ያለውን ወረቀት አየ። ሥራ የሚለው ቦታ ላይ የወተት ከብት እርባታ ይላል። ብዕሩን አነሣ።

«የሚያርሱት ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» አለ ወጣቱ።

«ለሌላ ሰውማ ባሕር ተሻግሬ ምን ወሰደኝ፤ ልጄ ናት እንጂ።»

«ይከፈልዎታል?»

«እናት ተከፍሏት ታርሳለች እንዴ?»

«ከዚህ በፊት አርሰው ያውቃሉ?»

እትዬ ይሄን ጥያቄ ወደደችው። የምትኮራበት ነገር ነው። «የእህቴ ቤት ሁለት ጊዜ፣ ጎረቤትማ ቁጥር የለውም። የሰፈሩ ሰው እኔን ነው የሚጠራው» አለች። ወጣቱ ይሄንንም ሳያዛንፍ ተረጎመው፤ ልምድ ያላት ናት፣ በሰው ቤት እየተጠራችም ትሠራለች።

ተነሣሁ። «ልጇ ልትወልድ ነው፣ አራስ ልትጠይቅ ነው» አልኩ፤ ከንዴቴ ብዛት እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ በአማርኛ ነው የጮኽኩት። ጥበቃው ክንዴን ያዘኝ። ተራዬን እንድጠብቅ ነገረኝ። ተራ የለኝም አልኩት። ተራ ከሌለዎት ይቀመጡ አለኝ። እትዬ ዞር ብላ አየችኝና እንዳላሳፍራት በዓይኗ ለመነችኝ። ቆንስሉ ቀና እንኳ አላለም። የመጨረሻው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ነበር።

«እስክትጠና ነዋ» አለች።

የሐኪሙ ደብዳቤ እኮ እጁ ሥር ነው። ግብዣው እጁ ሥር ነው። አንድ ገጽ ቢገልጥ፣ አንዲት መስመር ቢያነብ ነገሩ ባለቀ ነበር። አልገለጠም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እዚህ ግን የተፈረደው ባልተነገረ ነገር ነው። አንድ ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ አወጣላት። ለሥራ የመሄድ ሐሳብ እንዳላት ስላመነ አልፈቀደም። እትዬ አመስግና ተቀበለችው። የፈቀዱላት መስሏት ነበር።

ከበሩ ማዶ

ወረቀቱን ያነበብኩላት ውጭ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ነው። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ በሬ ጠምጄ?» አለች። አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም።

በምሳ ሰዓት ወጣቱ አስተርጓሚ ውኃ ሊገዛ እዚያው ሱቅ መጣ። መንገዱን ዘጋሁበት። እውነቱን ልናገር፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ቆንስሉ ላይ መጮኽ ስላልቻልኩ እሱ ላይ ጮኽኩ።

«ማረስ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እርሻ ነዋ» አለ ግራ ተጋብቶ።

«አራስ ሲባል ሰምተህ አታውቅም?»

የውኃውን ክዳን ሊከፍት ይዞት ቆመ። ወደ እትዬ አየ። «ኦ ማይ ጋድ» አለ ቀስ ብሎ። «እናቴ፣ ሶሪ፣ ሪሊ ሶሪ። እኔ በቃ ፋርሚንግ መስሎኝ... ላሞችም አሏት ሲባል ጊዜ...»

ገብተህ ንገረው አልኩት። አንዴ ከተወሰነ ፋይሉ እንደማይከፈት፣ ስሕተቱን ቢናገርም ለእሷ እንደማይጠቅማት፣ ያለው መንገድ እንደ አዲስ ማመልከት መሆኑን ነገረኝ። እንደ አዲስ፤ ክፍያው እንደ አዲስ፣ ቀጠሮው እንደ አዲስ። የተሳሳተው እሱ፣ ያላነበበው አለቃው፣ ቅጣቱ የእትዬ። አገር ከአገር የሚያገናኝ በር ላይ ቋንቋ ሳያውቁ መቆም የበር ጠባቂነት እንጂ የአስተርጓሚነት ሥራ አይደለም አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፣ እዚህ የማይጻፍ።

እትዬ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። «እናትህ አለች?» አለችው።

«አለች።»

«እንግዲያው ዛሬ ስትገባ፣ እኔን ስትወልጂ ማን አረሰሽ ብለህ ጠይቃት።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች፤ ተከተልኳት።

ሽቅብ

በመልሱ ታክሲ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ወዲያው አመለከትኩ። እኔን ያስተማረኝን ለሌላውም ልጻፈው። መስኮቱ ጋ አጭር መልስ የሚለው የሰልፍ ምክር ገደል ይግባ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ማን፣ የት፣ ለምን። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ካለ ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጽፎ ከላይ ያድርገው። እኔም በዚህኛው ማመልከቻ ላይ ልጇ እንደምትወልድ፣ እናት በአገራችን ወልዳ የተኛች ልጇን እንዴት እንደምትንከባከብ፣ ምን እንደምትቀቅል ሳይቀር ጻፍኩ። ለአንድ እናት ልጇን የማየት ፍላጎት ማብራሪያ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያዋርድ ግን ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ሳጥን የለውም።

የመጣው የመጀመሪያ ክፍት ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው። መልስ እስኪሰጡ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት። ፈረንሳይ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ነገርኳት። ፀሐዩ ጭቃውን አድርቆት ነበር፣ ጫማዋን ግን አልቀየረችም፤ ደህናውን ጫማ እንዳደረገች ወጣች። ከባሕር ዛፎቹ መሐል ስንደርስ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆመችና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።

«ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ አራስነቷም ያበቃል» አለች። «ሴት ከሆነች ግን ሰማንያ ነው። ሰማንያ ከሆነ እደርስላታለሁ።» ለራሷ ነው የምታወራው። ዕድሜ ልኳን የበኩር ወንድ ስትመኝ የኖረች ሴት ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞር ብላ «ሴት አድርጊልኝ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ አሜን እንድላት።

ሜሮን ከምርመራ እንደወጣች የደወለችው ለእኔ ነበር። ወንድ ነው ብላኝ ነበር፤ ለእማዬ እንዳትነግራት፣ መጥታ ራሷ ትየው ብላኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።