ነጠላውን የፈታሁባት ቁልቁለት

ወሬው የደረሰኝ ሰርቬት የሚባለው ሰፈር፣ ትራም ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው። ከሐኪም ቤት የደወለችው ሴት ድምጿ ለስለስ ያለ ነበር። የልጄ ዳሌ በደንብ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ እንደ ልጅ መሮጥ ትችላለች፤ ሜዳ ሜዳውን ከሆነ በረዶ ላይም አትከለከልም አለችኝ። «መርሲ፣ መርሲ» ብዬ ስልኩን ስዘጋ መውረጃዬ አልፎ ነበር። ጓንቴን አውልቄ አማተብኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንዳገኘኝ ባያውቁም ፈገግ አሉልኝ።

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ዳሌዋ ቦታውን የሳተ ነበር። የልጅነቷን ብዙውን ያሳለፈችው በጀሶ፣ በክራንችና በእኔ «ቀስ በይ» ነው። ለ ሊኞን ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ላይ ሆና ሌሎቹ ልጆች ሲሯሯጡ ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። እሷን ማየት ሥራዬ ሆኖ ነበር።

ጀርመንኛ በሚነገርባት ኡስተር ከተማ ያለችው ታናሽ እህቴ ወሬውን ስትሰማ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። «በሉ ኑ! ከእኛ በላይ ካለው ጫካ ሎይፔ ተከፍቷል።» ሎይፔ የሚሉት በመኪና የተደለደለ የበረዶ መንገድ ነው፤ ሁለት ጠባብ ቦዮች ጎን ለጎን ታትመውበታል፣ እግር ላይ የሚታሰረው ስኪ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይንሸራተታል። «ከተራራ መወርወር የለበትም እትዬ፣ እርምጃ ነው» አለችኝ። ፍርሃቴን ታውቀዋለች።

የገና ጾም ነበር። የምስር ሳምቡሳችንን ቋጥረን፣ ስኪ ተከራይተን ወጣን። ጉሙ ጫካው ላይ ተኝቷል። ጥዶቹ ነጭ ለብሰው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ምዕመን ዝም ብለው ቆመዋል። የሚሰማው የስኪያችን ሽው ሽው ብቻ ነው። መንገዱ ከፊታችን የሚመጣ እንጂ እኛ የምንሄድ አልመስል አለኝ።

የእህቴ ሁለት ሴት ልጆች ከፊት ናቸው፤ ልጄ ትከተላለች፤ እኔ ከኋላዋ። በመካከላችን ነጠላዬ አለ። አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ አስሬ፣ ሌላውን ጨብጬዋለሁ።

«ምነው እትዬ! ፍየል ነው እንዴ ገበያ የምትወስጂው?» አለች እህቴ።

«ብትወድቅስ?»

«ትውደቃ! በረዶ እኮ ነው።»

አንድ ሽማግሌ እያለፉን ነጠላውን አዩና ለልጄ በጀርመንኛ አንድ ነገር አሏት። የእህቴ ልጆች እየሳቁ ተረጎሙልን፤ «ከሁለታችሁ ጎታቹ ማን ነው?» ነው ያሉት። ነጠላውን አየሁት። እውነትም የምትጎትተው እሷ ነበረች።

መንገዱ አንድ የከብት በረት አጠገብ ሲደርስ አጭር ቁልቁለት ይወርዳል። ሌሎቹ ወርደው ታች ጠበቁን። ልጄ አፋፉ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ፍቺኝ። ሲል ቱ ፕሌ፣ እባክሽ። ብቻዬን። አንቺ እዚህ ሁኚና እዪኝ።»

ጣቶቼ ደንዝዘው ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ ተፈታ። ነጠላው እጄ ላይ ቀረ። ምን ላድርገው? እንደ ልማዴ ተከናነብኩት፤ ፊቴን ሸፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። አሜን ላይ ስደርስ ከታች ጩኸትና ጭብጨባ ሰማሁ።

ስወርድ ጉንጯ ቀልቷል። «አየሽኝ?»

«አላየሁሽም ልጄ፤ እየጸለይኩ ነበር። እግዜር ግን አይቶሻል።»

«እሱማ ሁሌ ያያል» አለች። «እኔ እዪኝ ያልኩት አንቺን ነው።»

እንደገና ውረጂ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ወጥታ ወረደች። ሁለተኛውን አየሁ፤ ክንዷን ዘርግታ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች፣ እንደ ሕልም። የመጀመሪያው ግን እሱ አይደለም። ስጠይቃት «ማየት ነበረብሽ» ብላ ትስቃለች፤ ሌላ አትጨምርም።

እናም እዚያ የነበራችሁ፣ አንቺም እህቴ፣ እናንተም የእህቴ ልጆች፣ የመጀመሪያውን ንገሩኝ። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ነበር? ሳቀች ወይስ ከንፈሯን ነከሰች? መሃል ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ፈልጋኝ ከሆነም አትደብቁኝ።